ትንኝ በይርጋነሽ ጠጅ ቤት

ትንኙ መጀመሪያ ያረፈው በጃንሆይ አፍንጫ ላይ ነበር።

ቢቸና ውስጥ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ባለው መንገድ ዳር፣ ይርጋነሽ ጠጅ ቤት አላት። ከመደቡ በላይ የግርማዊነታቸው ፎቶግራፍ በመስታወት ተሰቅሏል፤ እሷም በየማለዳው በንጹሕ ጨርቅ ትወለውለዋለች። ይርጋነሽ ስትጠርግ ያያት ሰው አቧራ ዘመዷን የገደለባት ነው የሚመስለው። ብርሌዎቿ ከመታጠባቸው ብዛት የሳሱ ናቸው። «የይርጋነሽን ጠጅ ዓይነ ስውርም ይጠጣዋል» ይባላል፤ ምን ገባበት ብሎ የሚሠጋ የለም ለማለት ነው። እሷም ይህን ስትሰማ ባልሰማ ታልፋለች፤ ግን ትሰማለች።

ታዲያ በጥቅምት መጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛዋ የፖሊሱ ሃምሳ አለቃ መንግስቴ ብርሌውን እንደያዘ ቀና አለና፣

«ይርጋነሽ፣ ጃንሆይ ላይ ምንድነው የሚሄደው?» አላት።

ሄዳ አየች። ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ትንኝ ከአፍንጫቸው ተነሥታ ወደ ጢማቸው ትወርዳለች። ይርጋነሽ ጭራዋን አንሥታ መልሳ አስቀመጠች። በጭራ ብትመታት ንጉሠ ነገሥቱን በጭራ መታች ሊባል ነው፤ ያውም በፖሊስ ፊት። ብትተዋት ንጉሠ ነገሥቱን በዝንብ አስደፈረች ሊባል ነው። በርጩማ አቁማ ወጣችና ቀስ ብላ፣ በልመና ዓይነት፣ «እፍ» አለቻት። ትንኟም ብድግ ብላ በደረታቸው ሜዳይ ላይ አረፈች።

«ይኸው፤ እኔ ዕድሜ ልኬን ደጅ ጠንቼ ያጣሁትን ሜዳይ እሷ በአንድ እፍታ አገኘችው» አለ ሃምሳ አለቃ መንግስቴ።

ወዲያው ሁለተኛዋ መጣች። ሦስተኛዋ ከሃምሳ አለቃው ብርሌ ውስጥ ገብታ መዋኘት ጀመረች። እሱ በጣቱ አወጣትና ጠጁን ጨለጠው፤ ደግ ሰው ነው። ይርጋነሽ ግን ብርሌውን ነጥቃ ልታጥበው ሄደች።

በሌላ ሰው ቤት ቢሆን ይህ የሚያስደነግጥ ነገር አልነበረም። ጠጅና ትንኝ መቼ ተለያይተው ያውቃሉ? ጣጣው ይርጋነሽ በዚያው ወር አፏን ከፍታ የነበረ መሆኑ ነው። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» የተባለው ለእሷ ዓይነቱ ነው፤ ምክሩን ግን የሚሰማው ዝንቡ ከገባ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይርጋነሽ የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኛ ናት። ማኅበሩ በየወሩ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን በተራ በየቤቱ ይጠጣል፤ ሲያበቃም ባለተራዋ የማኅበሩን ጽዋ ለሚቀጥለው ተረኛ ታስረክባለች። ጽዋ ቢባልም አንገቷ ጠበብ ያለ ጥቁር ማሰሮ ናት፤ ወሩን ሙሉ በተረኛው ቤት በክብር ቦታ ትቀመጣለች። የጥቅምቱ ተራ የስንቄ ነበር።

ስንቄ የይርጋነሽ የአጥር ጎረቤት ናት። ጠላ ትሸጣለች። ሁለቱም ሙሽራ ሆነው ቢቸና የገቡት በአንድ ጥር ነው፤ የበኩር ልጆቻቸውን የወለዱትም በአንድ ክረምት። ይርጋነሽ በአራስነቷ ወባ ጥሏት የተኛች ጊዜ፣ ሁለቱንም ሕፃናት በግራና በቀኝ ይዛ ያጠባች ስንቄ ናት። በአጥራቸው መሐል ትንሽ በር ነበረች፤ እሳትም ወሬም በዚያች በር ነው የሚመላለሰው።

በዚያ በጥቅምቱ ሚካኤል በስንቄ ቤት ትንኝ ይርመሰመስ ነበር። ከዳቦው ላይ ይነሣል፣ ከዋንጫው ላይ ያርፋል። ማኅበርተኛው ሁሉ አየ፤ ሁሉም ዝም አለ። ዝምታውን ያልቻለችው ይርጋነሽ ብቻ ናት። ዕለቱ ረቡዕ ነበርና ዋንጫዋን ወደ ብርሃን አነሣች፤

«ስንቄ፣ ጠላሽስ ግሩም ነው፤ ሥጋውን ግን ለብቻው ብታቀርቢልን ምናለበት? ጾመኛ እኮ ነን» አለች።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው የማኅበሩ መሪ፣ «ሙሴ» የሚባለው፣ ነጋዴው አያ ፋንታ ነበር፤ በኋላ ለምን አብልጦ እንደሳቀ እናያለን። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ቀልዱ በማግስቱ ገበያ ዋለ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ የጁቤ ደረሰ። ስንቄም «ባለ ዝንቧ» ተብላ ቀረች፤ ጠላ ጠጪዋ አንድ በአንድ ሸሸ። በዚያ በማኅበሩ ዕለት ስንቄ ሥርዓቱ ነውና ጽዋውን በሁለት እጇ ለይርጋነሽ አስረከበች፤ ፊቷን ግን አላየቻትም። በማግስቱ የአጥሩ በር በእሾህ ታጥሮ ተገኘ።

«ትኩረፍ! ስትጠርግ ይለቃታል» አለች ይርጋነሽ፤ ጽዋውንም ተሸክማ በገባች በሁለተኛው ሳምንት ትንኙ ጃንሆይ ላይ አረፈ።

መጀመሪያ ያሰበችው ክፉ ነገር ነው። ስንቄ ደብተራ ቤት ሄዳ አስደግማብኝ ይሆን አለች። ወዲያው የራሷ ሐሳብ አሳፈራትና አማተበች። ከዚያ ወደ ሥራ ገባች። ወይራ አጨሰች። ትንኙ ሣለ እንጂ አልወጣም። ከነጋዴ ዲዲቲ አስመጥታ ቤቱን ነፋችው፤ ትንኙ ማታውን ረግፎ ተጠረገ። በማግስቱ ጠዋት ግን ከትናንቱ የበዛ መጣ፤ የሞቱት ለለቅሶ ዘመድ የጠሩ ይመስል። ደንበኛ ሲጠይቃት አንዴ «የማሩ ጥራት ነው የጠራቸው» ትላለች፤ ከደጀን ለመጣ አንድ የከባድ መኪና ሾፌርማ «የንብ ጫጩት ነው» አለችው። ሾፌሩ አገሩ ሩቅ ስለሆነ አመናት።

ራሷን ግን ማሳመን አልቻለችም። ኅዳር ሚካኤል እየደረሰ ነው፤ ተራው የእሷ ነው። ኅዳር ሚካኤል ደግሞ እንደ ሌላው ወር አይደለም፤ ጽዋው ተገልጦ ሁሉም ለበረከት የሚቀምስበት ዓመታዊው በዓል ነው። ያን ዕለት ስንቄ ትመጣለች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዋንጫዋን ወደ ብርሃን ታነሣለች፤ ከዚያ ይርጋነሽ የተናገረችውን ቃል በቃል ትመልስላታለች። በዚህች ከተማ እንደ እሷ ባሏ የሞተባት ሴት ያላት ስሟ ነው፤ የእሷ ስም ደግሞ ንጽሕናዋ ነው። እሱ ከሄደ ምን ሊቀራት ነው?

ጤና ጣቢያ ቢቸናም አለ። ግን ለቢቸና ሰው ነግሮ ከማስወራት ሞጣ ድረስ መንገላታት ይሻላል። ሞጣ የወንድሟ ልጅ ሣህለ ማርያም አለ፤ ጎንደር ተምሮ ሳኒቴሪያን ሆኗል። ሳኒቴሪያን ማለት፣ እንደ ይርጋነሽ አባባል፣ ሰው ሽንት ቤት እንዲቆፍር በደመወዝ የሚለምን ሰው ነው። ከትንኙ ጥቂት በማር አባብላ በብርሌ ያዘች፤ የብርሌውን አፍ በጨርቅ ወትፋ ጭነት መኪና ላይ ወጣች።

መኪናው በእህል ጆንያና በሰው ጢም ብሏል። ይርጋነሽ በሁለት ጆንያ መሐል ተቀርቅራ ብርሌዋን በደረቷ አቅፋለች። ጉንደ ወይን ሲደርሱ አንድ ጠምጣሚ መሪጌታ ተሳፈሩና አጠገቧ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ባዶ ብርሌ እንዲህ የሚታቀፍ ነው?» አሏት።

«ባዶ አይደለም፣ አባቴ።»

ጠጋ ብለው አዩ። በብርሌው ሆድ ውስጥ ጥቃቅን ጥቋቁር ነገሮች ይወጣሉ ይወርዳሉ። መሪጌታው በስመ አብ ብለው ሸሸት አሉ።

«ከየት ያገኘሻቸው ናቸው?»

«ከቤቴ። ጢስ ቢሉ አይወጡ፣ መድኃኒት ቢሉ አይወጡ። ሞጣ አንድ ልጅ አለኝ፤ ስማቸውን ያውቃል ብዬ ነው የወሰድኳቸው።»

መሪጌታው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስማቸውን ካወቀስ ይለቃሉ። ስማቸውን ሳይናገሩ የሚለቁ የሉም። ብቻ ጨርቁን አጥብቂው፣ ልጄ፤ ስለ እመብርሃን አጥብቂው!»

ወሬው ከጆንያ ጆንያ ዞረ፤ ይህች ሴት ዛር በብርሌ ይዛለች ተባለ። ተሳፋሪው ሁሉ እየተገፋፋ ራቃት። ይርጋነሽም በዚያ በተጨናነቀ መኪና እግሯን ዘርግታ፣ እንደ ባላባት ተንደላቃ ሞጣ ገባች። ለምን ቦታ እንደ ለቀቁላት እስከ ዛሬ አልገባትም፤ የሞጣ መንገደኛ ጨዋ ነው ትላለች።

ሣህለ ማርያም አክስቱን ባየ ጊዜ ደስ አለው፤ ብርሌውን ባየ ጊዜ ግን ደስታው እጥፍ ሆነ። ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሰው ሁሉ ዝንቡን ሲደብቀው እንጂ ይዞለት ሲመጣ አላየም። አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ዓይኑን ብርሌው ላይ ደቀነ።

«አክስቴ፣ ትንኝ ሁሉ አንድ እንዳይመስልዎ። ክንፉ እንደ ብል ጠጉራም ከሆነ የሚፈለፈለው ከቆሻሻ ውኃ መውረጃ ዝቃጭ ነው። ቀጭን ጥቁር፣ እግረ ረጅም ከሆነ እርጥብ አፈር ውስጥ ነው። ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ ከመብረር መሮጥ የሚወድ ከሆነ ደግሞ ከወለሉ ሥር የበሰበሰ ነገር አለ ማለት ነው።»

«የኔዎቹስ?»

«የርስዎ ዓይናቸው ቀይ ነው።»

«ቀይ ቢሆን ምን ይገርማል? ሲጠጡ እያደሩ!»

«እሱ ነው ቁም ነገሩ። የወለዳቸው የሚኮመጥጥ፣ የሚፈላ ነገር ነው። የሚበረውን ቢገድሉ ትርፉ ድካም ነው፤ እናቲቱ እንቁላል የጣለችበትን ካላገኙ ሳምንት ሳይቆይ ሌላ ይፈላል። ደግሞ ብዙ አይፈልጉም፤ ተረስቶ የቀረ አንድ ማንኪያ ዝቃጭ ይበቃቸዋል።»

«እኔ ቤት ተረስቶ የሚቀር ዝቃጭ የለም!» አለች ይርጋነሽ፤ እውነቷን ነበር። ለማንኛውም ፈቃድ አስወጥታ ይዛው ተመለሰች። ለሰው «ለሚካኤል የመጣ ዘመዴ ነው» አለች።

ሣህለ ማርያም ቤቱን እንደ ሌባ በረበረው። ጋኖቹን እያዘነበለ ሥራቸውን አየ። የአተላውን ጉድጓድ፣ የማሩን ሰፈፍ፣ የጠጅ ማጥለያውን ጨርቅ፣ ብርሌ የሚታጠብበትን ገንዳ ሳይቀር በጣቱ ጠርጎ አሸተተ። ምንም የለም።

«አክስቴ፣ ይህ ቤት ከእኛ ጤና ጣቢያ ይጸዳል» አለ ተስፋ ቆርጦ። ይርጋነሽ በዚያ ጭንቅ መሐል እንኳ ይህ ቃል ደስ አሰኛት።

ከዚያ ዘዴ አመጣ። በየብርጭቆው የከረመ ጠጅ ጠብ አደረገ፤ በላዩ ወረቀት እንደ ቀንድ ጠቅልሎ ጫፉን ወደ ውስጥ ሰካ። ትንኝ መግባቱን ያውቃል፤ መውጣቱን አያውቅም። አንዱን ብርጭቆ ጠጅ ቤቱ ውስጥ፣ አንዱን ጓዳ፣ አንዱን ማድ ቤት፣ አንዱን እልፍኝ አስቀመጠ። «ብዙ የሚያዝበት ቦታ ለመወለጃቸው የሚቀርበው ነው» አላት። ሲነጋ አዩት። ጠጅ ቤቱ ያለው ጥቂት ይዟል፤ ጓዳና ማድ ቤት ያሉት ከዚያም ያነሰ። የእልፍኙ ግን ጠቁሯል።

እልፍኙ ይርጋነሽ የምትተኛበት ክፍል ነው። የሚበላ አይገባበትም፣ የሚጠጣ አይገባበትም። አልጋ አለ፣ ሣጥን አለ፣ የእመቤታችን ሥዕል አለ፤ ከሥዕሉ ግርጌ ባለች ከፍ ያለች መደርደሪያ ላይ ደግሞ የማኅበሩ ጽዋ በቀይ ከፋይ ተሸፍና ተቀምጣለች። አልጋውን አወጡ። ሣጥኑን ገለበጡ። ወለሉን ቆፈሩ፤ መልሰው ለቀለቁት።

«ያስቡት እንጂ አክስቴ፣ በቅርቡ ወደዚህ ክፍል የገባ አዲስ ነገር ምንድነው?»

«ምንም። ከጽዋው በቀር ምንም አልገባ።»

ሣህለ ማርያም ጽዋዋን ቀና ብሎ አያት። አፍንጫው ተነፋ። «የሆነ የጠላ ሽታ የሚሸተኝ መሰለኝ።»

«የሚካኤል ጽዋ ምን እንዲሸትህ ፈለግህ? ቤንዚን?»

ልጁ በዲቁና ያደገ ነው። በሐሳቡ ራሱ ደንግጦ አማተበ። ተነሥተው ሁለቱም ከፋዩን ተሳለሙት። ይርጋነሽ ግንባሯን ማሰሮዋ ላይ አስደግፋ፣ «ቅዱስ ሚካኤል ሆይ፣ የዚህን ትንኝ ቤት አሳየኝ» ብላ ለመነች። ሣህለ ማርያም አሜን አለ። በዚህ መሐል አንዲት ትንኝ ከከፋዩ እጥፋት ወጥታ በአፍንጫው ሥር አለፈች፤ እጁን አወናጭፎ አባረራት።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ያን ዕለት አገሩ ሁሉ ቆሻሻውን በየደጁ ሰብስቦ ያጤሳል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ነው። ቢቸና ከማለዳው በጢስ ታፈነች። ደጅ የነበረው ትንኝም ጢሱን ሸሽቶ፣ ንጹሕና ሰፊ ቤት ፈልጎ፣ ይርጋነሽ ቤት ገባ።

ከቅዳሴ መልስ ማኅበርተኛው መጣ። አያ ፋንታ ከነሚስቱ ከአየሁሽ፣ አገሬ፣ ሰብለ ወንጌል፣ የማኅበሩ ቄስ ገብረ ሕይወት፣ ሌላውም። ይርጋነሽ ጽዋውን አውጥታ መሐል ባለው ጠረጴዛ ላይ አኖረች። በመጨረሻ ስንቄ ገባች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ፊቷ ከስቷል። ይርጋነሽ ስታያት በአንድ ጊዜ ፍርሃትም ናፍቆትም ያዛት፤ ናፍቆቱ እንደነበረባት እንኳ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

ጠላው ተቀዳ። ትንኙም መጣ። ከዳቦው ተነሣ፤ ዋንጫው ላይ አረፈ። አያ ፋንታ ጣራውን አየ። አገሬ ጥፍሯን አየች። ሰብለ ወንጌል ሳል ያዛት። ይርጋነሽ እንስራውን እንደያዘች ቆማ የስንቄን እጅ ብቻ ታያለች፤ አሁን ታነሣዋለች፣ አሁን ወደ ብርሃን ታደርገዋለች እያለች። ስንቄ ዋንጫዋን አነሣች። ውስጡን አየች። በትንሽ ጣቷ ትንኟን አወጣችና ጠጥታ አስቀመጠችው። ያ ለይርጋነሽ ከስድብ ሁሉ የባሰ ሆነባት። ብትሰድባት መልስ አዘጋጅታ ነበር።

ቄስ ገብረ ሕይወት ጸሎት አድርሰው ተነሡ። «በሉ እንግዲህ በረከቱን እንቅመስ» አሉና የከፋዩን ጥብጣብ ፈቱ። ከፋዩን ገለጡ። ክዳኑን አነሡ።

ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም ይላሉ አባቶች። ሲከፍቱለት ምን እንደሚያደርግ ግን አልነገሩንም። ከጽዋዋ አንገት ደመና የሚያህል ትንኝ ተምዘግዝጎ ወጥቶ ቄስ ገብረ ሕይወት ጢም ውስጥ ገባ። እሳቸው ክዳኑን በአንድ እጅ መስቀሉን በአንድ እጅ እንደያዙ አነጠሱ፤ ሲያነጥሱም ከጢማቸው የወጣው በማኅበሩ ላይ ተበተነ። ሴቶች ጮኹ።

«አገኘነው!» ብሎ በደስታ የዘለለው ሣህለ ማርያም ብቻ ነው። ሁሉም ዞረው ሲያዩት ደስታውን ዋጠ። ግን ጠጋ ብሎ ወደ ማሰሮዋ አየ። «እዚህ ውስጥ ያለው ጠላ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገሩን መልሶ ያሰበው። ዱሮ ተረካቢው ሁሉ ጽዋዋን በየወሩ ያጥባት ነበር። በሰኔ ሚካኤል አያ ፋንታ ከደጀን ያስመጣውን ቀይ ከፋይ ስለት አስገባ፤ ልብስ ሰፊውም በማሰሮዋ ላይ ልክክ አድርጎ ሰፋው። ውኃ ከነካው ቀለሙ ይለቃል ተባለና መታጠቡ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ማኅበሩ ሲያበቃ የሚካኤል ድርሻ አንድ ዋንጫ ጠላና አንድ ቁራሽ ዳቦ በከፋዩ ጠርዝ በኩል ከላይ ይጨመራል፤ ከታች ግን የሚወጣ የለም። ጽዋዋም ከክብሯ ብዛት ኮምጣ ቀረች፤ በየወሩም ትንኟን ይዛ ከቤት ወደ ቤት ዞረች።

መጀመሪያ የተናገረችው አገሬ ናት። «እኔ ጥጃዬን ሸጥኳት» አለች በቀጭን ድምፅ። «በሐምሌ። ቤት ውስጥ ስለምታድር የሷ ትንኝ ነው ብዬ።»

«አንቺም ቤት ነበር?» አለች ሰብለ ወንጌል። «እኔ የአተላ ጉድጓዴን ደፈንኩ፣ ማድ ቤቴን አፈረስኩ። ለሰው ሳልናገር!»

ዓይን ሁሉ ወደ አያ ፋንታ ዞረ፤ የመስከረሙ ተራ የእሱ ነበር። አያ ፋንታ አገጩን አሸ። «እንግዲህ... ጥቂት ነበር። አሮጊቷ ፍራፍሬ ትደብቃለች ብዬ...»

ሚስቱ አየሁሽ ቀስ ብላ ተነሣች። «እናቴን ጉንደ ወይን የላክሃት ለአየር ለውጥ ነው ብለኸኝ አልነበረም?»

«አየሩም እኮ...»

«እናቴን በትንኝ ነው ያባረርካት?»

የእሱ ነገር በዚያው በቤቱ እንዲያልቅ እንተወው፤ ብዙ ጊዜ ፈጅቷል ይባላል። በጥቅምቱ ማኅበር ያ ሁሉ ሰው ዝም ያለው፣ ከዚያም ሌላ ሰው ሲሰደብ በእፎይታ የሳቀው ለዚህ ነበር። ሁሉም ትንኙን ደብቆ አሳልፏል። ሳትደብቅ ደጇን ከፍታ ያስተናገደች ስንቄ ብቻ ናት፤ የተዋረደችውም እሷ ብቻ።

«ይህ ጽዋ ይታጠብ» አሉ ቄስ ገብረ ሕይወት ጢማቸውን እያራገፉ። «ውኃ በረከት አይወስድም። ቆሻሻ ነው የሚወስደው።»

ማን ይንካው? ሰው ሁሉ ከፋዩን ያያል። በመጨረሻ ስንቄ ተነሥታ ማሰሮዋን አቀፈች፤ ወደ ጓሮ ወጣች። ይርጋነሽ ውኃ ይዛ ተከተለቻት።

ስንቄ የከፋዩን ስፌት በጥርሷ በጠሰችው፤ ግራዋ ቀጥፋ ማሰሮዋን ማሸት ጀመረች። ይርጋነሽ ታፈሳለች፣ ስንቄ ታሻለች። እንዲህ ሲሠሩ ነው የኖሩት። ይርጋነሽ ከዚያ በላይ አልቻለችም፤ እንባዋ መጣ።

«ስንቄ፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

ስንቄ ማሸቷን አላቆመችም። «ውኃውን በደንብ አፍስሺው።»

«አንቺን እንዴት እንዲህ ብዬ...»

«ሰማሁ። እዚህ የሰማነው ግን እኔና ግራዋው ነን። ስትሰድቢኝ ጓሮ ጠርተሽኝ ነበር?»

«ሰው ፊት ልበለው?»

«እኔ ሰው ፊት ነው የሰማሁት።»

ይርጋነሽ ማፍሰሷን አቆመች። ከዚህ ይልቅ የቢቸናን ሽንት ቤት ሁሉ ጥረጊ ብትባል ይሻላት ነበር። አሁን ዝም ብላ ብትገባ እኮ ስሟ ድኗል፤ ትንኙ የእሷ እንዳልሆነ ሁሉም አይቷል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ዙሪያዋን አየች፤ ከጋኖቹ አጠገብ ካለው ድንጋይ ትልቁን አንሥታ በማጅራቷ ላይ አደረገች፤ እንደ ጎበጠች በበሩ ገባች።

ማኅበርተኛው ድንጋይ የተሸከመች ሴት ሲያይ ብድግ አለ።

«ትንኙ የስንቄ አልነበረም» አለች ይርጋነሽ ወደ መሬት እያየች። «የኔም አልነበረም። የማኅበሩ ነበር። በጥቅምት ከአፌ የወጣው ግን የማንም አይደለም፤ የኔ ነው። ልጄን በጡቷ ያሳደገችልኝን ሴት ለሳቅ ሸጥኳት። ስሟን ያጠፋሁት በናንተ ፊት ነው፤ ይቅርታም የምለምናት በናንተ ፊት ነው።»

ሃምሳ አለቃ መንግስቴ ጠጅ ሊጠጣ መጥቶ ከደጅ ቆሞ ነበር፤ ቆቡን አወለቀ።

ስንቄ የታጠበችውን ጽዋ ይዛ ከኋላዋ ገባች። ጽዋዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ውኃዋ ገና ይንጠባጠባል። ቄስ ገብረ ሕይወት «ስንቄ፣ ይቅር አልሽ?» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ እሷ ቀድማ ድንጋዩን ከይርጋነሽ ማጅራት በሁለት እጇ አነሣችው። ክብደቱ አንገዳገዳት።

«አንቺ ሴትዮ» አለች በቁጣ፤ «ከዚያ ሁሉ ድንጋይ ይህን ታነሻለሽ? ወገብሽን እያወቅሽው!»

ይርጋነሽ ቀና ልትል ሞከረች፤ ወገቧ በእርግጥ እምቢ አለ። ስንቄ ደግፋ አስቀመጠቻት።